እርሳሱ የት ሄደ? ዘይቱስ? ስለ ከተማ አፈር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። በከተማ አፈር ውስጥ የገባ እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ብረትና ከመኪናና ከነዳጅ የሚመጣ ዘይት ከዓመታት በኋላ ምን ይሆናል? ዘይት ጊዜና አየር ካገኘ በአብዛኛው ይበሰብሳል። ብረት ግን አይበሰብስም፤ ቦታውን ወይም መልኩን ይቀይራል እንጂ። ስለዚህ «ቀነሰ» የሚል የምርመራ ውጤት ሲመጣ «በምን ምክንያት ቀነሰ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ በመንገድ ዳር ባለ አንድ የሣር መስክ ላይ በ15 ዓመት ልዩነት የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች እጃችን ላይ አሉ። የመጀመሪያው እርሳስ በኪሎግራም 300 ሚሊግራም ነው ይላል፤ ሁለተኛው 120። እርሳስ የሚጨመርበት ቤንዚን ከቀረ በኋላ አፈሩ ራሱን በራሱ አጽድቷል ማለት እንችላለን?

መልስ፦ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ አትችሉም። መጀመሪያ ሁለቱ ናሙናዎች ከስንት ሴንቲሜትር ጥልቀት እንደተወሰዱ ተመልከቱ። የላይኛው 5 ሴንቲሜትር 300፣ ከሥሩ ያለው 15 ሴንቲሜትር ደግሞ 60 ሚሊግራም ይዟል እንበል። አንዱ ሰው ከላይ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ከወሰደ 300 ያገኛል። ሌላው እስከ 20 ሴንቲሜትር ቆፍሮ ከደባለቀ 120 ያገኛል። የእናንተ ቁጥሮች ናቸው ማለት ነው። አንዲት ሚሊግራም እርሳስ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ አፈሩ «የጸዳ» ሊመስል ይችላል።

ጥልቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛው ጥያቄ እርሳሱ በየት በኩል ሊሄድ ይችላል የሚለው ነው። እርሳስ ከሸክላ፣ ከብስባሽ፣ ከብረትና ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ (በአፈር ውስጥ ካለ ዝገት መሰል ውህድ) ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ከዝናብ ጋር ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ ጥቂት ነው። ካልተነካ ከላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። አሲዳማና አሸዋማ አፈር ላይ ይህ ሊለይ ይችላል፤ በተለመደው የከተማ አፈር ግን ላይኛው ንብር የሚሳሳው በሌሎች መንገዶች ነው። ንጹሕ አቧራና አዲስ አፈር ከላይ ይከመርበታል፣ የምድር ትልና የአትክልተኛ መቆፈሪያ ከታችኛው ጋር ያደባልቁታል፣ ኮምፖስት ያሳሳዋል፣ ጎርፍ ላይኛውን አፈር ጠርጎ ወደ ቦይ ይወስደዋል፣ ግንባታ ሲመጣም ተጭኖ ሌላ ቦታ ይደፋል። ከእነዚህ መካከል እርሳሱን ከምድር ላይ ያጠፋ አንድም የለም። በጎርፍ የሄደው ወንዝ ውስጥ ተቀምጧል፤ በመኪና የተጫነው የሌላ ሰው ግቢ መሙያ ሆኗል።

የምንጩን መዘጋትና የአፈሩን መጽዳት ለይቶ ማየትም ይገባል። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ1923 ገበያ ላይ ወጣ፤ ለመኪና መሸጡ በዓለም ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ2021 ነው። ምንጩ ሲዘጋ አፈሩ ላይ የሚጨመረው ይቆማል፤ የነበረው ግን እንደነበረ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት 2,600 ቶን ያህል አፈር አለው (ጥግግቱ በሜትር ኩብ 1.3 ቶን ከሆነ)። በዚህ ላይ በዓመት 100 ግራም እርሳስ ከአየር ቢወርድ የሚጨምረው በኪሎግራም 0.04 ሚሊግራም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ በ10 ዓመት ውስጥ በማንኛውም ላቦራቶሪ አይታይም። በአንድ መቶ ዓመትም 4 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይሆናል፤ አሁን እያየን ያለነው ከዚህ እጅግ የበዛ እርሳስ ይወርድበት የነበረውን የቤንዚን ዘመን ድምር ነው።

እውነተኛ ቅናሽ የለም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኒው ኦርሊንስ ጥናት በ2001 አካባቢ የተወሰደውን የከተማዋን አፈር ከ2017ቱ ጋር አነጻጽሮ የመሐል ዋጋው (ግማሹ ናሙና ከበላዩ፣ ግማሹ ከበታቹ የሚሆንበት ቁጥር) ከ99 ወደ 54 ሚሊግራም እንደወረደ አሳይቷል። በሕፃናት ደም ውስጥ ያለው እርሳስም አብሮ ወርዷል። በሌላ በኩል ደግሞ በዱራም፣ ኖርዝ ካሮላይና የተደረገ ንጽጽር ነገሩን ከፍሎ ያሳያል፦ በመንገድ ዳር አፈሩ በብዙ ቀንሷል፤ በእርሳስ ቀለም የተቀቡ የቆዩ ቤቶች ግድግዳ ሥር ግን ከፍ እንዳለ ቀርቷል። የመንገድ ዳር አፈር ይታጠባል፣ ይቆፈራል፣ ይለወጣል። የግድግዳ ሥር አፈር ማንም አይነካውም፤ ቀለሙም እየተላጠ መውረዱን አላቆመም። ስለዚህ አንድ ከተማ በአማካይ «እየጸዳ» ሳለ ሕፃናት የሚጫወቱበት አንድ ሜትር ስፋት ያለው የግድግዳ ጥግ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። አማካይ ቁጥር ብቻ ይዞ ውሳኔ መስጠትን አጥብቀን የምንቃወመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከዓመታት በኋላ በእርግጠኝነት ለማነጻጸር ናሙና እንዴት ይወሰድ?

መልስ፦ በዚህ ሥራ ላይ ከላቦራቶሪ ስሕተት ይልቅ የናሙና ስሕተት ይበልጣል። በከተማ አፈር ውስጥ አንድ ሜትር ተራምዶ እጥፍ ቁጥር ማግኘት የተለመደ ነው፤ አንዲት የቀለም ቅርፊት ወይም የባትሪ ስባሪ ናሙናው ውስጥ ከገባች ውጤቱን ብቻዋን ትወስነዋለች። ስለዚህ ከአንድ ቦታ አንድ አካፋ ማንሳት ዋጋ የለውም።

10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ከሆነ በእኩል ርቀት 30 ነጥብ ያውጡ፤ 5 ረድፍ በ6 ማለት ነው። ከየነጥቡ እኩል መጠን ያንሱና ደባልቀው አንድ ኪሎ ያህል ናሙና ያድርጉት። ከዚያ የረድፎቹን መነሻ በአንድ ሜትር ያህል አዛውረው ሥራውን እንደገና ይድገሙ፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ሦስቱ ውጤቶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ሲያዩ የራስዎን ስሕተት ስፋት ያውቃሉ፤ ከ15 ዓመት በኋላ የሚመጣ ለውጥ ከዚያ ስፋት ካልበለጠ ለውጥ አይባልም።

ጥልቀቱን ለየብቻ ይያዙ፦ ከ0 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር። ላይኛው ሕፃናት የሚነኩት ነው፤ ታችኛው ሥር የሚደርስበት ነው። የሦስቱ ድምር ደግሞ ብረቱ ተቀብሮ እንደሆነ ወይም በእርግጥ ሄዶ እንደሆነ ይነግርዎታል። ላይኛው ቀንሶ ድምሩ ካልቀነሰ ተቀብሯል።

መጠኑ በሚታወቅ የብረት ቀለበት የአፈሩን ጥግግት መለካትም አይረሳ። በኪሎግራም 100 ሚሊግራም የያዘ፣ ጥግግቱ 1.3 የሆነ አፈር እስከ 20 ሴንቲሜትር ድረስ በካሬ ሜትር 26 ግራም እርሳስ አለው። ኮምፖስት ተጨምሮበት አፈሩ ሲላላ በኪሎግራም ያለው ቁጥር ይለወጣል፤ በካሬ ሜትር ያለው ግን የሚለወጠው እርሳሱ በእርግጥ ሲጨመር ወይም ሲወጣ ነው።

አካፋው ስቴንለስ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። በጋልቫናይዝድ (በዚንክ በተለበጠ) ባልዲ የተደባለቀ ናሙና ዚንኩ ከፍ ይላል፤ ጥፋቱም የአፈሩ ሳይሆን የባልዲው ነው። ናሙናውን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት ያድርቁት፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይንፉት። ጥያቄዎ ሕፃናት በእጃቸው ወደ አፋቸው ስለሚወስዱት አፈር ከሆነ ከ0.15 ሚሊሜትር ያነሰውን ደቃቅ ለብቻው ያስመርምሩ፤ እጅ ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው፣ ብረቱም በአብዛኛው እዚያው ይበዛል።

ለዘይት ምርመራ ደንቡ ሌላ ነው። አፈሩ አይደርቅም፣ አይነፋም፤ በብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ እስከ አፉ ተሞልቶ ይከደናል፣ በ4 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ላቦራቶሪው በ14 ቀን ውስጥ ምርመራውን ይጀምራል። ፕላስቲክ ዕቃ ዘይቱን ይመጥጣል፣ የራሱንም ኬሚካል ያቀብላል። ቤንዚን ያለበት አፈር ከሆነ ነጥቦቹን መደባለቅ ራሱ ተናኙን ክፍል ወደ አየር ያባርረዋል፤ ስለዚህ ከየነጥቡ ለየብቻ ይያዝ።

ከሁሉም የምንመክረው ግን ይህን ነው፦ ከደረቀው ናሙና ግማሹን ምልክት አድርገው በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ። የብረት ይዘቱ ለአሥርተ ዓመታት አይለወጥም። አዲስ ናሙና በሚወሰድበት ጊዜ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዘዴ ያስመርምሩ። በሁለት ዘመን መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ያን ጊዜ ከጨዋታው ይወጣል። ለዘይት ይህ አይሠራም፤ በመደርደሪያ ላይ የከረመ ናሙና ይበሰብሳል፣ ይተናል።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚያዘው የኤክስ ሬይ መሣሪያ (ኤክስአርኤፍ) ከላቦራቶሪው የተለየ ቁጥር ሰጠን። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። መሣሪያው በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ መጠን ያያል። ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ቅልቅል (3 እጅ በ1 እጅ) በድንጋይ ማዕድን ውስጥ የታሰረውን በሙሉ አያሟሟም። በእርሳስ ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ በክሮሚየም ላይ ግን ሰፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ዘመን በአንዱ ዘዴ፣ የሌላውን በሌላ ለክቶ «ክሮሚየም ጨመረ» ማለት አይገባም።

ከመሣሪያው በኩል የሚመጡ ስሕተቶችም አሉ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ካለፈ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። እርሳስና አርሰኒክ ሁለቱም በ10.5 ኪሎኤሌክትሮን ቮልት (የኤክስ ሬይ ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ስለሚያበሩ እርሳስ በበዛበት አፈር ላይ የአርሰኒኩ ንባብ አይታመንም። ካድሚየም ደግሞ ጎጂ በሆነበት መጠን ላይ እያለ እንኳ መሣሪያው ላያየው ይችላል፤ እሱን ላቦራቶሪ ይላኩት።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት ጋራዥ የነበረ ግቢ ተረክበናል። የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ሲደፋ ኖሯል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ውሃ አይጠጣም። እንዴት እናጽዳው?

መልስ፦ ዘይቱን ከመንካትዎ በፊት እርሳሱን ያስመርምሩ። የጋራዥ አፈር ዘይት ብቻ ሆኖ አያውቅም። የባትሪ አሲድና የእርሳስ ሰሌዳ፣ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፍ እርሳስ፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ፣ ከሞተር ዘይቱ ማሻሻያ የሚመጣ ዚንክ፣ ከሞተሩ የተፋቀ መዳብና ክሮሚየም አብረውት አሉ። እርሳሱ ከፍ ያለ ከሆነ ዘይቱን ለማጽዳት አፈሩን በየሳምንቱ መገልበጥ መርዛማ አቧራ ማስነሳት ነው። ጠቅላላ ከባድ ብረት በኪሎግራም ከ2,500 ሚሊግራም ሲያልፍ ደግሞ ዘይቱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ይጎዳሉ። ያን ጊዜ መፍትሔው ተጭኖ በሥርዓት መወገድ ወይም መሸፈን ነው።

ብረቱ ዝቅ ካለ ባክቴሪያዎቹን ማሠራት ይቻላል። ባክቴሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ዘይት የለመደ አፈር ውስጥ ሞልተዋል። የሚጎድላቸው አየር፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ውሃ ነው። አንድ ግራም ዘይት ሙሉ በሙሉ ለማበስበስ ከ3 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈለጋል፤ ስለዚህ አፈሩ ካልተገለበጠ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

10 ሜትር ኩብ አፈር በኪሎግራም 10,000 ሚሊግራም ዘይት ቢኖረው ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። አፈሩ 14 ቶን ገደማ ነው፤ ዘይቱ 140 ኪሎ፤ ከዚህ ውስጥ ካርቦኑ 120 ኪሎ። ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ 100 ለ10 ለ1 ይሁኑ ብንል 12 ኪሎ ናይትሮጅንና 1.2 ኪሎ ፎስፈረስ እንፈልጋለን። 6 ኪሎ ዳፕ ፎስፈረሱን ይሸፍናል፣ አንድ ኪሎ ናይትሮጅንም ይሰጣል፤ የቀረውን 24 ኪሎ ዩሪያ ይሞላዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መበተን ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ጨውና አሞኒያ በአንድ ጊዜ ሲበዛ ባክቴሪያዎቹን ያቃጥላቸዋል። በአራት ከፍለው በሦስት ሳምንት ልዩነት ይጨምሩ።

አፈሩን ጠርዙ ከፍ ባለ ወፍራም ላስቲክ ላይ በ25 ሴንቲሜትር ውፍረት ያንጥፉት፤ ለ10 ሜትር ኩብ 40 ካሬ ሜትር ይበቃል። ሸክላ ከሆነ ከአሥር አንድ እጅ ጭድ ቢገባበት አየር ያስገባል። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይገልብጡ። እርጥበቱን በጭብጥ ይለኩ፤ ሲጨበጥ ቅርጹን ይያዝ፣ ውሃ ግን አይንጠብ። ከባድ ዝናብ ሲመጣ በሸራ ይሸፈን። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 8 ይቆይ፤ ዩሪያ በጊዜ ሂደት ስለሚያሲደው በየወሩ ይለኩና ሲወርድ ኖራ ይጨምሩ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥራው ይቆማል ማለት ይቻላል።

ውሃ አልጠጣም ያላችሁት ዘይቱ የአፈሩን ቅንጣቶች ስለለበሰ ነው። ጠብታ ውሃ አስቀምጡበት፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይሰርግ ከቆየ አፈሩ ውሃን ይገፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየረጩ ወዲያው መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ላዩ ላይ ፈስሶ ይሄዳል።

ውጤቱን በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ያስመርምሩ። መጀመሪያ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በኋላ ይተኛል። ናፍጣ በወራት ውስጥ ብዙው ሲሄድ የሞተር ዘይት ዓመታት ይፈልጋል፤ ቅርንጫፋማና ባለ ቀለበት ሞለኪውሎች እንዲሁም በአፈሩ ቀዳዳ ውስጥ የሰረገው ክፍል ለባክቴሪያ የማይመቹ ናቸው። ቅናሹ በባክቴሪያ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪውን 17 ካርቦን ያለው ቀጥተኛ ሰንሰለትና ፕሪስቴን የተባለው ቅርንጫፋም ሞለኪውል ያላቸውን ጥምርታ ይጠይቁ። የሞተር ዘይት ከዚህ ስለሚከብድ ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ናፍጣ ላለበት አፈር ነው። ባክቴሪያ ቀጥተኛውን ስለሚያስቀድም ጥምርታው ይወርዳል። ጠቅላላው ዘይት ቀንሶ ጥምርታው ካልተነቃነቀ ዘይቱ ተንኗል ወይም በንጹሕ አፈር ተሳስቷል እንጂ አልተበላም።

ሁለት ነገሮችን አታድርጉ። አፈሩን አታቃጥሉት፤ እሳት አዳዲስ የካንሰር አምጪ ውህዶች ይፈጥራል፣ ብረቱንም በአመዱ ውስጥ ይተወዋል። በሳሙና አትጠቡት፤ ዘይቱ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ይከፍታል። ስትቆፍሩ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ደግሞ ሥራውን አቁሙ፤ በዝግ ጉድጓድ ውስጥ እንፋሎቱ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ዘይትና ብረት አብረው ሲኖሩ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ አለው?

መልስ፦ አለው፤ በአብዛኛው የሚረሳውም ይህ ነው። ባክቴሪያዎች ዘይቱን ሲበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ። ኦክስጅን ሲያልቅ የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይዱን እንደ መተንፈሻ ይጠቀሙበታል፤ ኦክሳይዱ ሲሟሟ አጥብቆ ይዞት የነበረው አርሰኒክና እርሳስ ይለቀቃል። ስለዚህ እርጥብና ዘይታም በሆነ ጥልቅ ንብር ውስጥ የአርሰኒኩና የእርሳሱ ጠቅላላ መጠን ሳይለወጥ ወደ ውሃ የሚወጣው ሊጨምር ይችላል። ዘይቱ አልቆ አየር ሲመለስ ኦክሳይዱ እንደገና ይፈጠራል፣ አርሰኒኩና እርሳሱም ይያዛሉ። በእንደዚህ ዓይነት ቦታ አፈሩን ብቻ መለካት አይበቃም፤ በአቅራቢያው ያለ የጉድጓድ ውሃም ይመርመር።

ጥያቄ፦ በኩሬ ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን አየን። ዘይት ነው?

መልስ፦ በእንጨት ይንኩት። እንደ ስባሪ መስታወት ተሰነጣጥቆ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ አያሰጋም። ተነጥሎ ወዲያው ተመልሶ ከተጋጠመ ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ የሱፍ አበባና ሰናፍጭ እርሳስን ከአፈር መጥጠው ያወጣሉ ሲባል ሰምተናል። ስንት ዓመት ይፈጃል?

መልስ፦ አብረን እናስላው። በአንድ ሄክታር 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ በየኪሎው አፈር 500 ሚሊግራም እርሳስ ቢኖር ጠቅላላው 1,300 ኪሎ ነው። ወደ 200 ለማውረድ 780 ኪሎ መውጣት አለበት። ተክሉ በዓመት 10 ቶን ደረቅ ምርት ሰጥቶ በየኪሎው 100 ሚሊግራም እርሳስ ቢይዝ (ይህም ለጋስ ግምት ነው) የሚወጣው አንድ ኪሎ ብቻ ነው። 780 ዓመት!

ይህን ለማፋጠን ኢዲቲኤ የተባለውን ኬሚካል አፈር ላይ ማፍሰስ ተሞክሯል። እርሳሱን ያሟሟዋል፤ ነገር ግን ተክሉ ከሚወስደው ይልቅ ከዝናብ ጋር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርደው ይበዛል። አንመክረውም። ተክል ጠቃሚ የሚሆነው በሌላ መንገድ ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ ሣር አቧራ እንዳይነሳና ጎርፍ እንዳይጠርግ ያደርጋል። ዓላማችሁ ይህ ከሆነ ዝሩ፤ ማጽዳት ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ጥያቄ፦ ኖራና ፎስፌት እርሳስን «ያስራሉ» ይባላል። እውነት ነው? ለዘለቄታውስ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ፎስፌት ከእርሳስ ጋር ተዋሕዶ እጅግ ለመሟሟት የሚያስቸግር ማዕድን ይፈጥራል፤ ይህ ማዕድን ሆድ ውስጥ ቢገባም የሚለቀው ጥቂት ነው። ኖራ ፒኤቹን ወደ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲያወጣው ካድሚየምና ዚንክ ይያዛሉ። የላቦራቶሪው ጠቅላላ ቁጥር ግን በአንዲት ሚሊግራም እንኳ አይቀንስም፤ ሥራው መሥራቱን ለማየት የሚሟሟውን ክፍል ለብቻው ማስለካት አለባችሁ።

አርሰኒክ ካለ ግን ፎስፌት አትጨምሩ! ፎስፌትና አርሰኔት (አንዱ የአርሰኒክ ውህድ) በባሕርያቸው ተመሳሳይ ስለሆኑ ፎስፌቱ የአርሰኒኩን ቦታ ይዞ አርሰኒኩን ወደ ውሃ ያባርረዋል። መጀመሪያ ያስመርምሩ። ኖራም ቢሆን ለአንድ ጊዜ ተጨምሮ የሚተው አይደለም፤ ዝናብና የናይትሮጅን ማዳበሪያ አፈሩን ያሲዱታል፣ ፒኤቹ ሲወርድ ካድሚየሙ ይፈታል። በየሁለት ዓመቱ መለካት፣ ሲወርድም መጨመር ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ መለኪያ እርሳስ እየቀነሰ ነው፤ ዚንክና መዳብ ግን እየጨመሩ ናቸው። ለምን?

መልስ፦ የእርሳስ ዋና ምንጭ ተዘግቷል፤ የእነዚህ አልተዘጋም። ከጎማ ላስቲክ ውስጥ አንድ በመቶ ያህሉ ዚንክ ነው፤ መኪና በሄደ ቁጥር እየተፋቀ ይቀራል። የጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ጣሪያም በየዝናቡ ዚንክ ያወርዳል። መዳብና አንቲሞኒ ከፍሬን ሸራ ይመጣሉ። በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ግዛቶች የወጡ ሕጎች በፍሬን ሸራ ውስጥ ያለውን መዳብ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ0.5 በመቶ በታች እንዲሆን አስገድደዋል፤ እርምጃው ምንጩን ስለሚነካ ትክክለኛ ነው እንላለን። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አያንጠባጥብም፣ ፍሬኑንም ብዙ አይጠቀምም፤ ክብደቱ ግን ጎማውን ስለሚበላው የዚንኩን ችግር አይፈታም።

ዚንክ በመጀመሪያ የሚጎዳው ሰውን ሳይሆን ተክልንና በአፈር ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን ነው። ከእርሳስ ይልቅ ስለሚንቀሳቀስም አሲዳማ አፈር ላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ኮምፖስት ከጨመርን በኋላ «ጠቅላላ ሃይድሮካርቦን» ከፍ አለ። ኮምፖስቱ ዘይት ነበረበት?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ምርመራው ከተክል የመጣ ሰምንም ይቆጥራል። ላቦራቶሪው ናሙናውን በሲሊካ ጄል እንዲያጣራው ይጠይቁ፤ ከዚያም ክሮማቶግራሙን (ሞለኪውሎቹን ለያይቶ የሚያሳየውን ግራፍ) ይመልከቱ። 27፣ 29 እና 31 ካርቦን ያላቸው ጎዶሎ ቁጥሮች ለብቻቸው ጎልተው ከወጡ የቅጠል ሰም ነው። የሞተር ዘይት ሰፊ ጉብታ ሠርቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ እርሳሱ በኪሎግራም 250 ሚሊግራም ነው። አትክልት መትከል ይቻላል?

መልስ፦ ቁጥሩ ከአጠቃቀሙ ተነጥሎ ምንም አይልም። የጀርመን ደንብ ለሕፃናት መጫወቻ 200፣ ለመኖሪያ 400፣ ለመናፈሻ 1,000 ሚሊግራም ብሎ የለየው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ለመኖሪያ አፈር የመለያ ወሰኑን ከ400 ወደ 200 አውርዷል። በ250 ላይ ሕፃናት ካሉ ባዶ መሬት አይተዉ፤ ይሸፍኑት።

ለመብል ከሆነ እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያና ባቄላ ያሉ ፍሬያቸው የሚበላው እርሳስ የሚወስዱት በጣም ጥቂት ነው። ካሮትና ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ቆስጣ ግን ይበልጣሉ፤ በአብዛኛውም ችግሩ ላያቸው ላይ የተጣበቀው አፈር ነው። ሥራ ሥሩን ይላጡ፣ ቅጠሉን ቅጠል በቅጠል ይጠቡ። ካድሚየም ከተገኘ ቅጠላ ቅጠል አይትከሉ፤ እሱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ መታጠብ አያወጣውም።

የተሻለው ከፍ ያለ መደብ ነው፦ ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ተነጥፎ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ንጹሕ አፈር። ከቆየ ቀለም ከተቀባ ግድግዳ ጥቂት ሜትሮች ይራቅ፤ በኬሚካል የተነከረ አሮጌ እንጨት ለጠርዝ አይዋል፣ መዳብና አርሰኒክ ሊኖርበት ይችላል። መደቡ ከተሠራ በኋላም አይዘንጉት። በቦስተን በንጹሕ አፈር የተሞሉ መደቦች ውስጥ ያለው እርሳስ በአራት ዓመት ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ ተለክቷል፤ ከዙሪያው በነፋስና በውሃ ፍንጣሪ የመጣ አፈር ነው። ስለዚህ በመደቦቹ መካከል ያለውን መተላለፊያ በእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በጠጠር ይሸፍኑ፣ በየዓመቱ ከላይ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር የሚሆነውን አንስተው በንጹሕ ኮምፖስት ይተኩ፤ ያነሱትንም በአጥር ጥግ አይጣሉት፤ ከሚሸፈነው አፈር ሥር ይቅበሩት።